በክረምት ምሽት ምን እናንብብ?

  

እነሆ ክረምት መጣ። በአባቶቻችን አቆጣጠር ክረምት ከሰኔ 26 ቀን እስከ መስከረም 25 ቀን ነው። ወንዙ ይሞላል። መንገዱ ይጨቀያል። ገበያ መውጣት ይከብዳል። ቀን ቀን ከሞፈርና ከአረም ጋር ስንታገል እንውላለን። ከምሽቱ 1 ሰዓት ሲሆን ግን ይጨልማል። ከብት ይገባል። በር ይዘጋል። ሁሉም እሳት ዳር ይሰበሰባል። ቆሎው ይቆላል፤ ቡናው ይፈላል። ከእራት እስከ መኝታ ያለችው ጊዜ አጭር ናት። ነገር ግን በዓመቱ ውስጥ እንደ እሷ የምትሞቅ ጊዜ የለችም። የዛሬው ጨዋታችን ስለዚች ጊዜ ነው። በዚች ጊዜ ምን እናንብብ? እንዴትስ እናንብብ?

በቦረና ቆላ ያላችሁ አንባቢያን፣ ዋናው ዝናባችሁ ከመጋቢት እስከ ግንቦት እንደሆነ እናውቃለን። ምክሩ ለእናንተም ያገለግላል። ወረቀቱን አስቀምጡት፤ ዝናባችሁ ሲመጣ አውጡት።

ፊደል ካልጠበቁት ይሸሻል

ከጥቂት ዓመታት በፊት በነሐሴ ወር ወደ መንዝ ወጥተን ነበር። መንዝ ደጋ ነው። የገብስና የበግ አገር ነው። የክረምቱ ብርድ አጥንት ይገባል። ሰው ባና ለብሶ፣ ኩበት እየሞቀ ያመሻል። ባረፍንበት ቤት ሦስት ሰዎች ነበሩ። አንድ አዛውንት፣ ባለቤታቸውና 6ኛ ክፍል የምትማር የልጅ ልጃቸው ናቸው። እማማ እሳት ዳር ተቀምጠው የበግ ጠጉር ይፈትሉ ነበር።

«እማማ፣ ንባብ እንዴት ነው?» ብለን ጠየቅናቸው።

ዝም አሉ። እንዝርቱን አስቀመጡ። የቀኝ እጃቸውን አውራ ጣት አሳዩን።

«ይህች ጣት ሁለት ጊዜ አሳፍራኛለች፣ ልጆቼ» አሉ። «መጀመሪያ ፊደል ሳላውቅ ነው። የማዳበሪያ ብድር ወረቀት ላይ በቀለም ነክሬ አተምኩባት። እሱስ ይሁን፤ አላውቅም ነበርና። ከዚያ ወዲያ ተማርኩ። ስሜን ጻፍኩ። ፈተናውን አለፍኩ። የምስክር ወረቀቱ ያው ግድግዳው ላይ አለ።»

ቀና ብለን አየነው። ጭስ አጥቁሮታል፤ ግን አለ።

«ከዚያ ክረምት መጣ» አሉ እማማ። «ዘር አለ፣ አረም አለ፣ ጥጃ አለ። መጽሐፌን ቆጥ ላይ ሰቀልኩት። እዚያው ከረመ። በዓመቱ ለብድር ተመልሼ ሄድኩ። ጸሐፊው ብዕር ሰጠኝ። ያዝኩት። የስሜን መጀመሪያ ፊደል ጻፍኩ። ሁለተኛዋ ጠፋችኝ። ሰው ከኋላዬ ተሰልፏል። ጸሐፊው ጠበቀኝ፣ ጠበቀኝና የቀለሙን ሳጥን አስጠጋልኝ። ምን ላድርግ? ጣቴን ነከርኩ። የዚያን ቀኑ ኀፍረት ከመጀመሪያው የባሰ ነበር። ፊደል እንደ ከብት ነው፣ ልጆቼ። ካልጠበቁት ይሸሻል።»

ውድ አንባቢያን፣ ይህ የእማማ ችግር ብቻ አይደለም። ንባብ አዲስ እንደተጠረገ መንገድ ነው። ሰው ካልሄደበት ሣር ይበቅልበታል። ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ነበር። ወሩ ክረምት ነው። ዘመቻው ቀጥሎ ትምህርቱ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ። «የተማረ ያስተምር፣ ያልተማረ ይማር» ይባል ነበር። በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ፊደል ቆጠረ። ታዲያ ከተማሩት መካከል የሚነበብ ነገር አጥተው መልሰው የረሱ ነበሩ። በየገጠሩ ማንበቢያ ቤት መከፈቱ፣ ተከታታይ ትምህርት መሰጠቱ ይህንኑ ለመከላከል ነበር። ዛሬም ነገሩ ያው ነው። ፊደል የቆጠረ ሰው ሁለተኛው ሥራው የቆጠረውን አለመርሳት ነው።

ተረት ምን ጉልበት አለው?

«ታዲያ እንዴት ተመለሰልዎት?» አልናቸው።

እማማ ወደ ልጅቱ አዩ። «ይህች ናት የመለሰችልኝ» አሉ። «ተማሪ ቤት ሲዘጋ የተረት መጽሐፍ ይዛ መጣች። ‹አያቴ፣ አንቺ አንብቢልኝ› አለች። እኔ ላንቺ? አልኩ። ‹አዎ፣ እኔ እየሰማሁ ላርምሽ› አለች። የመጀመሪያ ቀን አራት መስመር አነበብኩ። አራት መስመር! ላብ አጠመቀኝ። በተረቱ ጅቡ አህያዋ ቤት ደጃፍ ደርሷል። ‹ክፈችልኝ› ይላል። ዓይኔ ደከመና መጽሐፉን አጠፍኩት። እንቅልፍ ግን እንቢ አለኝ። ከፈተችለት ወይስ አልከፈተችለትም? እያልኩ አደርኩ። በማግስቱ ልጅቱ ሳትጠራኝ ራሴ መጽሐፉን አወረድኩ።»

እዚህ ላይ ቆም እንበል። እማማን ወደ መጽሐፉ የመለሳቸው ምንድን ነው? ምክር አይደለም። ቁጣም አይደለም። የተረቱን መጨረሻ ለማወቅ መፈለጋቸው ነው። የፊደል ገበታ «ነገስ ምን ይሆን?» አያሰኝም። ተረትና ታሪክ ግን ያሰኛል። ሰው አራት መስመር አንብቦ አምስተኛውን ከፈለገ ፊደሉ አይሸሸውም። ስለዚህ በክረምት ምሽት የሚነበበው መጽሐፍ ከሁሉ በፊት የሚጣፍጥ ይሁን። ስለ እርሻና ስለ ጤና የሚያስተምረው መጽሐፍ ይጠቅማል፤ በቀን፣ ብርሃን እያለ፣ እንፈልገዋለን። ለእሳት ዳር ግን ታሪክ ይሻላል።

የትኛውን መጽሐፍ?

አንዳንድ አዲስ አንባቢ ገና ከጅምሩ ትልቁን መጽሐፍ ያነሣል። አሥር ገጽ ሳይሄድ ይደክመዋል። ከዚያ ሁሉንም ይተወዋል። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ማለት ይህ ነው። ከአጭሩ እንጀምር።

መጀመሪያ የተረት መጽሐፍ ይሁን። ተረት አጭር ነው። በአንድ ምሽት ይጀመራል፤ በዚያው ምሽት ያልቃል። ብዙውን ተረት ከአያቶቻችን ሰምተነዋል። ይህ ጥቅም አለው። ታሪኩን ስለምናውቀው ቃሉ ሲከብደን እንገምተዋለን፤ ገምተን ስናየው ፊደሉ ይታወሰናል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1948 ዓ.ም. «ተረት ተረት የመሠረት» የሚል የተረት መጽሐፍ አሳትመዋል። እሱ ካልተገኘ ልጆች በተማሪ ቤት የሚያነቡት የተረት መጽሐፍ ይበቃል። «የልጅ ነው» ብላችሁ አትናቁት። የአለቃ ገብረ ሐና ጨዋታዎች የተሰበሰቡባቸው መጻሕፍትም አሉ። አለቃ የጎንደር ሊቅ ነበሩ። ቀልዳቸው ሁለትና ሦስት መስመር ብቻ ሆኖ ቤቱን ሙሉ ያስቃል። እዚህ ላይ አንድ ነገር አለ። የአለቃ ቀልድ በቃላት ጨዋታ ላይ የቆመ ነው። ቃሉን በትክክል ያላነበበ ሰው አይስቅም። ስለዚህ ሳቁ ራሱ ፈተና ነው።

ሁለተኛ የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» ነው። ይህን መጽሐፍ በየተማሪ ቤቱ ብዙ ትውልድ አንብቦታል። አጫጭር ታሪኮችና ግጥሞች አሉበት። አማርኛው የጠራ ነው። ግጥሙ ቤት ስለሚመታ መጨረሻውን ጆሮ ቀድሞ ይጠብቀዋል። አንብባችሁ ስትጨርሱ «ይህ ታሪክ ምን ያስተምራል?» ብላችሁ ተወያዩበት። በአንዱ ታሪክ አባትና ልጅ ላይስማሙ ይችላሉ። አለመስማማቱ ጥሩ ነው፤ ጨዋታ ያመጣል።

ሦስተኛ «ጦቢያ» ነው። የጻፉት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ናቸው። በ1900 ዓ.ም. በሮም ከተማ ታተመ። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ይኸው ነው። ልብ ወለድ ማለት ደራሲው ከልቡ አፍልቆ የሚጽፈው ታሪክ ነው። ዋህድና ጦቢያ የሚባሉ መንታ ልጆች አሉ። አባታቸው በጦርነት ይማረካል። በዚያ ሰበብ ቤተሰቡ ብዙ መከራ ያያል። ጦቢያ ሴት ልጅ ስትሆን የወንድ ልብስ ለብሳ መንገድ ትወጣለች። ገጹ ብዙ አይደለም። አማርኛው ግን የዱሮ ነው፤ ከበድ ይላል። ሁለቱን መጻሕፍት ያነበበ ሰው ይሞክረው።

አራተኛውና ትልቁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ደራሲው ያው ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። በ1902 ዓ.ም. ጎጃም ውስጥ ተወለዱ። የቤተ ክህነት ትምህርት ተማሩ፤ ኋላም ዘመናዊ ትምህርት ተማሩ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተማርከው ጣሊያን አገር ታስረው ነበር። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ከ500 ገጽ በላይ ነው። ሰውየው ሊቅ ናቸው፤ አማርኛቸው ግን የገበሬ ቤት አማርኛ ነው። ማረሻውን፣ ድግሱን፣ ሙግቱን፣ ለቅሶውን ሁሉ እንደምናውቀው አድርገው ጽፈውታል።

ታሪኩ የጎጃም ነው። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ የሚባሉ ባልና ሚስት በዛብህ የሚባል ልጅ ይወልዳሉ። ልጁን ለቤተ ክርስቲያን ይሳሉታል። በዛብህ አድጎ ቅኔ አዋቂ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ፊታውራሪ መሸሻ የሚባሉ ባላባት ቤት ይገባል። የሚገባው ሴት ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን ንባብና ጽሕፈት ሊያስተምር ነው። እንግዲህ ልብ በሉ። በአማርኛ ከተጻፉት የፍቅር ታሪኮች የታወቀው የሚጀምረው በንባብ ትምህርት ነው። እሱ የድሃ ልጅ ነው፤ እሷ የባላባት ልጅ ናት። የዚያ ዘመን ሥርዓት አንድ ላይ አያኖራቸውም። ጉዱ ካሣ የሚባል ሰውም አለ። እውነት ስለሚናገር ሰው እንደ እብድ ያየዋል። በፊታውራሪ ላይ የሚያምጹ ገበሬዎችም አሉ። ያንን ስታነቡ የአያቶቻችሁን ኑሮ ታያላችሁ። መጨረሻውን አንነግራችሁም።

በ95 ሌሊት ስንት ገጽ ይነበባል?

«500 ገጽ! ማን ይጨርሰዋል?» የሚል ይኖራል። እስቲ የተማርነውን ሒሳብ እንሥራበት።

ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ስንት ቀን ነው? ከሰኔ 5 ቀን፣ ሐምሌ 30፣ ነሐሴ 30፣ ጳጉሜ 5፣ ከመስከረም 25። ድምሩ 95 ቀን ነው። አንድ ሰው በአንድ ምሽት 2 ገጽ ቢያነብ በክረምቱ 190 ገጽ ይጨርሳል። ይህ አንድ ደህና መጽሐፍ ነው። በቤቱ ሦስት አንባቢ ቢኖርና እያንዳንዱ 2 ገጽ ቢያነብስ? በአንድ ምሽት 6 ገጽ ይሆናል። 6 በ95 ሲባዛ 570 ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» አለቀ ማለት ነው። ለአንድ ሰው ሸክም የነበረው ለሦስት ሰው ጨዋታ ይሆናል።

ለቅሶ አለ፣ በሽታ አለ፣ ድካም አለ። ሁሉም ሌሊት አይነበብም። ግድ የለም። የቀረው በጥቅምት ይነበባል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባል የለ?

ሲያነቡ የሚያደናቅፉ ነገሮች

ጮክ ብላችሁ አንብቡ። አንዱ ያንብብ፤ ሌላው ይስማ። የሚሰማው ሰው እጁ ሥራ መፍታት የለበትም። መፍተል፣ መሰፋት፣ ቆሎ መልቀም ይችላል። የማያነብ ሰውም አይገለል። እሱ የሚያስታውሰውን ያስታውስ። በማግስቱ «ትናንት የት ደረስን?» ሲባል መልሱን እሱ ይንገር።

ከፊደል ገበታ ወደ መጽሐፍ ስንወጣ የሚያደናቅፉን ነገሮች አሉ። ሦስቱን እንንገራችሁ።

አንደኛው የድሮ መጽሐፍ ነው። በድሮ መጽሐፍ በቃልና በቃል መካከል ሁለት ነጥብ ታገኛላችሁ፤ እንዲህ «፡»። ግራ አትጋቡ። ቃሉ አለቀ ማለት ብቻ ነው። አራት ነጥብ «።» ስታዩ ግን ዐረፍ በሉ። ነገሩ አልቋል፤ ትንፋሽ ውሰዱ።

ሁለተኛው ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላት ናቸው። አንዱ መጽሐፍ «ዓለም» ይላል፤ ሌላው «አለም» ይላል። አንዱ «ፀሐይ» ይላል፤ ሌላው «ጸሃይ» ይላል። ሁለቱም ያው ነው። የተሳሳታችሁ መስሏችሁ አትቁሙ፤ እለፉ።

ሦስተኛው መጥበቅና መላላት ነው። ፊደሉ ይህን አያሳይም። «ገና ነው» የሚለውን እዩ። ላልቶ ሲነበብ «አልደረሰም» ማለት ነው። ጠብቆ ሲነበብ የልደት በዓል ነው። የቱ እንደሆነ የሚነግረን ታሪኩ ነው። ስለዚህ ነገሩ ካልገባችሁ ከዐረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ተመልሳችሁ አንብቡት። መመለስ ነውር አይደለም። ሊቃውንቱም ይመለሳሉ።

አንድ ነገር እንጨምር። ዕድሜያችሁ ከ40 ዓመት ያለፈ አንባቢያን፣ መጽሐፉን ከፊታችሁ ራቅ ስታደርጉት ፊደሉ ይጠራላችኋል? እንግዲያስ ፊደሉ አልጠፋችሁም። ችግሩ ከዓይን ነው። ዕድሜ ሲገፋ በሁሉም ሰው ላይ የሚደርስ ነው። ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ስለ ማንበቢያ መነጽር ጠይቁ። «ትምህርት አልገባኝ አለ» ብለው የተዉ ስንት ሰዎች የጎደላቸው መነጽር ብቻ ነበር።

መብራትና መጽሐፍ

የክረምት ንባብ ሁለት ጠላት አለው፤ ጨለማና እርጥበት።

በኩራዝ የምታነቡ ከሆነ ኩራዙን ከፍ ካለ፣ ከማይወድቅ ቦታ አስቀምጡት። ከሣርና ከጭድ ይራቅ። ሕፃን የሚደርስበት አይሁን። ጭሱ ዓይን እንዳያቃጥል አንባቢው ጎን ለጎን ይቀመጥ። ዛሬ በብዙ ቤት በፀሐይ የሚሞላ መብራት አለ። በክረምት ደመናው ስለሚበዛ ቶሎ አይሞላም። ስለዚህ ከማለዳ ጀምሮ ሰማይ በሚታይበት ቦታ አውሉት፤ ዝናብ ሲመጣ አግቡት። መብራቱ ከደከመ ተራው ይጠር፤ 2 ገጽ የነበረው 1 ገጽ ይሁን። ጨርሶ ከመተው ይሻላል።

መጽሐፉን ደግሞ ከርጥብ ግድግዳ አርቁት። መሬት ላይ አታሳድሩት፤ ምስጥ ይበላዋል። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች መጽሐፋቸውን በቆዳ ማህደር ከተው ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል። ብልሃት ነው። እኛም በፌስታል ጠቅልለን፣ በከረጢት አድርገን ችካል ላይ እንስቀለው። መጽሐፉ ከራሰ በእሳት አታድርቁት። ገጹን ከፋፍታችሁ ነፋስ በሚገባበት ጥላ ላይ አቁሙት። ቅቤ በነካው እጅም አትግለጡት። የተዋሳችሁት ከሆነማ የበለጠ ተጠንቀቁ። ደህና አድርጎ የመለሰ ሰው ሁለተኛ ይዋሳል።

«ከየት እናገኘዋለን?» ትሉ ይሆናል። ከተማ የሚማር ልጅ ካላችሁ ለክረምት ሲመጣ አንድ የታሪክ መጽሐፍ ይዞ እንዲመጣ ላኩበት። የተማሪ ቤት ቤተ መጻሕፍት ካለ በሰኔ ሳይዘጋ ጠይቁ። ጎረቤት ያለውን ተዋሱ። ከአምስት ቤት አምስት መጽሐፍ ቢገኝና በዙር ቢዞር፣ እያንዳንዱ ቤት አምስት መጽሐፍ አለው ማለት ነው። እቁብና ደቦ የምናውቅ ሰዎች ይህ አያቅተንም።

እሳት ዳር ያየነው

ወደ መንዙ ቤት እንመለስ። እኛ በሄድንበት ጊዜ እማማ ተረቱን ከጨረሱ ሁለተኛ ክረምታቸው ነበር። ያን ክረምት ቤተሰቡ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ይዟል። መጽሐፉ ከእጅ እጅ የዞረ ነው። ሽፋኑ በክር ተሰፍቷል።

ሦስቱም ተራ አላቸው። መጀመሪያ አባወራው ያነባሉ። በልጅነታቸው ዳዊት የደገሙ ናቸውና ንባቡን ያዜሙታል። ቀጥላ ልጅቱ ታነባለች፤ እሷ ትቸኩላለች። እማማ የመጨረሻ ናቸው። ጣታቸውን ከመስመሩ ሥር አድርገው ቃል በቃል ይሄዳሉ። ያችው ጣት ናት፤ ቀለም የተነከረችው።

በዚያ ምሽት በዛብህ ሰብለ ወንጌልን ሲያስተምር ደረሱ። ቤቱ ጸጥ አለ። ኩበቱ ብቻ ይጤሳል። አዛውንቱ ፈገግ አሉና አፋቸውን ከፈቱ።

«እኔ እንኳ ይህን ነገር ድሮ ሰምቼዋለሁ» አሉን። «ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲያነበው ሰፈሩ ሁሉ አንድ ሬዲዮ ከቦ ይሰማ ነበር። መጨረሻው ላይ…»

«አንቱ ሰውዬ!» አሉ እማማ ድንገት። «መጨረሻውን እንዳይነግሩን!»

ልጅቱ ሳቀች። አዛውንቱም ሳቁና ዝም አሉ።

እኛም እውነቱን ጠየቅናቸው። «ሰምተውት ካወቁት ለምን እንደገና ያነቡታል?»

ትንሽ አሰቡ። «ሬዲዮው የራሱን ሰዓት ያውቃል» አሉ። «አንድ ቀን ከብት ጠፍቶብኝ ስፈልግ አመለጠኝ። ያ ያመለጠኝ ቦታ ምን እንደነበረ እስካሁን አላውቅም ነበር። መጽሐፍ ግን ይጠብቅሃል። ካቆምክበት ይቆይሃል።»

ለመሰናበት ስንነሣ እማማን የልባችንን ጠየቅናቸው። «የብድሩ ወረቀትስ?»

«በግንቦት ሄጄ ነበር» አሉ። «ያው ጸሐፊ ነው። የቀለሙን ሳጥን ሊያስጠጋልኝ ሲል ብዕሩን አምጣ አልኩት። ስሜን ጻፍኩ። ዘገየሁ፤ ከኋላ ያለው ሰው አጉረመረመ። ያጉረምርም! ሁሉንም ፊደል ጻፍኩት። ከዚያ ከመፈረሜ በላይ ደስ ያለኝን ልንገራችሁ? ወረቀቱን አነበብኩት። 2 ከረጢት ይላል። የወሰድኩትም 2 ነው።»

ይህን ብለው ወደ መጽሐፉ ተመለሱ። ግማሽ ገጽ ቀርቷቸው ነበር።

የዚህ ሳምንት ሥራ

ውድ አንባቢያን፣ የዚህ ሳምንት ሥራችን ቀላል ነው። በቤታችሁ ወይም በጎረቤት ያለ አንድ የታሪክ ወይም የተረት መጽሐፍ ፈልጉ። ማን ቀድሞ እንደሚያነብ፣ ማን እንደሚከተል ተስማሙ። ዛሬ ማታ አራት መስመር ይነበብ። አራት ብቻ። ከዚያ መጽሐፉን እጠፉትና ስለ አምስተኛው መስመር እያሰባችሁ ተኙ።

ደግሞ ይህን ጽሑፍ እስከዚህ ያነበባችሁ ሁሉ አንድ ነገር ልብ በሉ። አንብባችሁ ጨርሳችኋል። የክረምቱ ንባብ ተጀምሯል ማለት ነው።

በደህና ክረሙ።